ራሱን የሚበላ ሕዋስ፦ የወባ መድኃኒቶች በጉበት ካንሰር ላይ

ወባ ለሐዋሳና ለአካባቢዋ ነዋሪ እንግዳ አይደለችም። ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆቻችን መራራውን የክሎሮኪን እንክብል ያስታውሱታል፤ ከእኛ ወገን ያሉት ደግሞ በሦስት ቀን የሚወሰደውን ኮአርተም ያውቁታል። በአገራችን ክሎሮኪን የወባ ተሐዋስያን ስለተላመዱት እ.ኤ.አ. በ1998 ለፋልሲፓረም ወባ በሌላ መድኃኒት ተተካ፤ ያም ሳይቆይ ስለደከመ እ.ኤ.አ. በ2004 ቦታውን ለኮአርተም ለቀቀ። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ግን ስለ ወባ አይደለም። እነዚህ የወባ መድኃኒቶች ወባ በሌለበት፣ በቤተ ሙከራ ሳህን ውስጥ በሚያድጉ የጉበት ካንሰር ሕዋሳት ላይ ሲጨመሩ የሚሆነውን እንመለከታለን። የአርቲሚሲኒን ወገን የሆኑት ሕዋሱ ራሱን የሚበላበትን መንገድ ይከፍታሉ፤ ክሎሮኪን ደግሞ ያንኑ መንገድ ይዘጋል። የሚያስገርመው ሁለቱም የካንሰሩን ሕዋስ ወደ ሞት ሊወስዱት መቻላቸው ነው። ነገሩ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ግጭቱን ለመፍታት ከጉበት እንጀምራለን።

ጉበትና ጠላቶቹ

እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ ከ900 ሺህ በላይ ሰዎች የጉበት ካንሰር እንደያዛቸው፣ 830 ሺህ ያህሉም በዚሁ በሽታ እንደሞቱ ተገምቷል። ሁለቱ ቁጥሮች ይህን ያህል መቀራረባቸው ብቻውን ብዙ ይናገራል። የጉበት ካንሰር የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ነው፤ ጉበት ሰፊ መጠባበቂያ ያለው ብልት በመሆኑ ከፊሉ ተጎድቶም ሥራውን ይቀጥላል፣ ሕመምም አይሰማም።

በአገራችን ከዋነኞቹ መንስኤዎች አንዱ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ነው። በኢትዮጵያ የተካሄዱ ጥናቶችን ያሰባሰበ አንድ ትንተና እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታተም፣ ከተመረመሩት ሰዎች በአማካይ 7.4 በመቶ ያህሉ ሄፓታይተስ ቢ፣ 3.1 በመቶ ያህሉ ደግሞ የሄፓታይተስ ሲ ምልክት በደማቸው እንደተገኘባቸው አሳይቷል። በአንድ ክፍል 60 ተማሪዎች ቢቀመጡና ይኸው ስሌት ቢሠራ፣ አራት ያህሉ ሄፓታይተስ ቢን ይዘው ተቀምጠዋል ማለት ነው። ብዙዎቹም አያውቁትም። ሕዝባችን «የወፍ በሽታ» የሚለው የዓይን ቢጫ መሆን በሁሉም ላይ አይታይም። በታይዋን ከ22 ሺህ በላይ ወንዶችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ ጥናት፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከ200 ጊዜ በላይ እንደሚበልጥ አረጋግጧል።

ከቫይረሱ ጎን በሻገተ በቆሎ፣ በለውዝና በበርበሬ ላይ የሚያድጉ ሻጋታዎች የሚያመነጩት አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ አለ፤ በአዲስ አበባ በሽሮና በበርበሬ ውስጥ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት ተዘግቧል። የአልኮል መጠጥም ከዚሁ ዝርዝር አይወጣም።

ራስን መብላት ምን ማለት ነው?

በክረምት እንጨት ያለቀበትን አንድ ቤተሰብ እናስብ። ብርዱ ሲጠና አባወራው በመጀመሪያ የወላለቀውን በርጩማ ይፈልጣል፤ ቀጥሎ የበሰበሰውን የአጥር እንጨት ይነቅላል። ቤቱ በዚህ አይጎዳም፤ እንዲያውም አሮጌው ይነሣለታል፣ እሳቱም ይነድዳል። ሕዋስም እንዲሁ ያደርጋል። ምግብ ሲያጣ ወይም በውስጡ የተበላሹ ፕሮቲኖችና ያረጁ ሚቶኮንድሪያዎች ሲከማቹ፣ በድርብ ሽፋን እየከበበ ላይሶዞም ወደተባለው አሲዳማ ከረጢት ይወስዳቸዋል። እዚያ ያሉ ኢንዛይሞች ይፈጩአቸዋል፤ ፍጩም ለአዲስ ግንባታና ለኃይል ይውላል። ይህ ሂደት ኦቶፋጂ ይባላል፤ ከግሪክኛ የተገኘ ቃል ሲሆን ትርጉሙ «ራስን መብላት» ነው።

ላይሶዞምንም ኦቶፋጂ የሚለውንም ስም ያወጡት ቤልጅማዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ ናቸው፤ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1955፣ ሁለተኛውን በ1963። ሂደቱ በግልጽ ከታየባቸው የመጀመሪያ ብልቶች አንዱ የአይጥ ጉበት እንደነበር ልብ ይሏል። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ለሠላሳ ዓመታት ያህል በማይክሮስኮፕ የሚታይ፣ ምክንያቱ ግን የማይታወቅ ሆኖ ቆየ። መልሱ የመጣው ከእርሾ ነው። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ እርሾን እያስራቡ ራሳቸውን መብላት ያቃታቸውን ሕዋሳት ለዩ፤ በዚህም ለሂደቱ የሚያስፈልጉ 15 ዘረ መሎችን አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2016 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ጠላና ዳቦ የሚሠራልን ይህ ጥቃቅን ፍጥረት ስለ ካንሰር ያስተማረን ነገር ከብዙ ውድ መሣሪያዎች ይበልጣል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሂደቱን የሚቆጣጠረው ዋናው በረኛ ኤምቶር የሚባል ፕሮቲን ነው። ምግብ በበቂ ሲኖር ኤምቶር በሩን ይዘጋል። ምግብ ሲጠፋ እጁን ያነሣል፤ ከዚያም ቤክሊን 1 የተባለው ፕሮቲን ከባልደረቦቹ ጋር ሽፋኑን መሥራት ያስጀምራል። ኤል ሲ 3 የተባለ ሌላ ፕሮቲን በሽፋኑ ላይ ይለጠፋል፤ ፒ 62 የተባለው ደግሞ የሚጣለውን ዕቃ ከኤል ሲ 3 ጋር ያያይዝና አብሮ ተፈጭቶ ያልቃል። ኋላ ስለሚያስፈልጉን እነዚህን ሁለት ስሞች እንያዝ።

አጥሩ ከማለቁ በፊትና በኋላ

ኦቶፋጂ ታዲያ ለካንሰር ወዳጅ ነው ወይስ ጠላት? እ.ኤ.አ. በ2003 የታተሙ ሥራዎች ከቤክሊን 1 ሁለት ቅጂዎች አንዱ የጎደላቸው አይጦች የጉበት ዕጢን ጨምሮ በልዩ ልዩ ዕጢዎች በብዛት እንደሚያዙ አሳዩ። ይህ ማለት ጤናማ ጉበት ቆሻሻውን እየጠረገ ካንሰርን ይከላከላል ማለት ነው። ሆኖም ዕጢው አንዴ ከተፈጠረ በኋላ ሁኔታው ይለወጣል። በዕጢው መካከል ያሉት ሕዋሳት ደም በደንብ አይደርሳቸውም፤ ይራባሉ፣ አየርም ያጥራቸዋል። አሁን ኦቶፋጂ የሚያኖረው ካንሰሩን ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ራሱም ይህንኑ ሂደት ቀስቅሶ ለመባዛቱ እንደሚጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2010 ታውቋል።

ወደ ቤተሰቡ እንመለስ። ብርዱ ካልቆመና እሳቱ መንደዱን ከቀጠለ፣ አጥሩ ሲያልቅ በሩ ይፈለጣል፤ በሩ ሲያልቅ ምሰሶው ይነቀላል። በዚያን ጊዜ ያው ቤተሰቡን ያዳነው ሥራ ቤቱን ይጥለዋል። መድኃኒት ኦቶፋጂን ከልክ በላይ ሲገፋው ሊሆን የሚችለው ይህ ነው። ግን ምሳሌያችን እዚህ ላይ ይጎድለዋል፤ ብዙውን ጊዜ ሕዋሱ የሚሞተው ራሱን በልቶ በመጨረሱ ሳይሆን፣ በመብላቱ ሂደት አደገኛ ነገር ከተዘጋበት ስለሚፈታ ነው። በአርቲሚሲኒን ዘንድ ያ አደገኛ ነገር ብረት ነው።

ከወንዶ ገነት የብረት ጉዳይ

ከሐዋሳ በቅርብ ርቀት ባለው በወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ከሚጠኑት መዓዛማና የመድኃኒት ዕፅዋት አንዱ አርቲሚሲያ አኑዋ ነው። የመጣው ከእስያ ነው። የእኛዎቹ አሪቲና ጭቁኝ የዚሁ ወገን ዘመዶች ቢሆኑም እርሱን አይተኩም፤ ስማቸው ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ከዚህ ዕፅ አርቲሚሲኒንን እ.ኤ.አ. በ1972 ለይተው ያወጡት የቻይናዊቷ የቱ ዮዮ ቡድን ተመራማሪዎች ናቸው፤ ቱ ዮዮ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በኮአርተም ውስጥ ያለው አርቲሜተርና ለጽኑ ወባ በመርፌ የሚሰጠው አርቴሱኔት ከእርሱው የተገኙ ናቸው።

የሞለኪውሉ ምሥጢር ሁለት የኦክስጅን አተሞች ተያይዘው የሠሩት ድልድይ ነው። ድልድዩ ብረት እስኪያገኘው ድረስ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል። ብረት ሲነካው ይሰበርና በአጠገቡ ያለውን ሁሉ የሚነክሱ ነጻ ራዲካሎችን ይፈጥራል። የወባ ተሐዋሲ ሄሞግሎቢንን ስለሚበላ በብረት የተሞላ ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱ የሚፈነዳው በዚያ ነው። የካንሰር ሕዋስም ያለማቋረጥ ስለሚከፋፈል ከጤናማው ይልቅ ብረት ይጠማዋል፤ ብረት የሚያስገቡለትን በሮችም በገጹ ላይ ያበዛል።

ሕዋሱ ግን ሞኝ አይደለም። ብረቱን ዝም ብሎ አይተወውም፤ ፌሪቲን በተባለ ክብ የፕሮቲን ጎተራ ውስጥ ይቆልፍበታል። አንዱ ጎተራ እስከ 4,500 የሚደርሱ የብረት አተሞችን ይይዛል። እዚህ ላይ ኦቶፋጂ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የሲንጋፖር ተመራማሪዎች ሥራ፣ አርቴሱኔት በሰው የካንሰር ሕዋሳት ላይሶዞም ውስጥ እንደሚከማች፣ የላይሶዞሙን ሥራ እንደሚያበረታና ፌሪቲን በዚያ እንዲፈጭ እንደሚያደርግ አሳየ። ጎተራው ሲፈርስ ብረቱ ይፈታል፤ የተፈታው ብረት የመድኃኒቱን ድልድይ ይሰብራል፤ ራዲካሎቹ የሕዋሱን የስብ ሽፋኖች ያበላሻሉ። ዘይት ቆይቶ ሲበላሽ የሚሆነው ኬሚስትሪ ከዚህ አይርቅም። ሕዋሱ ሽፋኑ ሲቀደድ ይሞታል። ይህ በብረት የሚመጣ የሞት ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2012 ፌሮፕቶሲስ የሚል ስም ወጣለት። ካስፔዝ በተባሉ ኢንዛይሞች ተቆራርጦ በሥርዓት ከሚፈርሰው ከአፖፕቶሲስ ይለያል።

በጉበት ካንሰር ሕዋሳት ላይ አርቲሚሲኒንና ዳይሃይድሮአርቲሚሲኒን በሰፊው ተሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የቻይና ሥራ፣ እነዚህ መድኃኒቶች የጉበት ካንሰር ሕዋሳትን ዕድገት ሲያቆሙ መደበኛ የጉበት ሕዋሳትን ግን በአነስተኛ ደረጃ እንደሚነኩ ዘግቧል። ከሁሉ ይልቅ ለርዕሳችን የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ሥራ ነው። በዚህ ሥራ አርቴሱኔት ሶራፌኒብ ከተባለው የጉበት ካንሰር መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ተሰጠ። ሁለቱ በየግላቸው ብዙ በማይጎዱበት መጠን ሲጣመሩ ግን ላይሶዞሞቹ ነቁ፣ ፌሪቲኑ ተፈጨ፣ የሽፋኖቹ ስብ ተበላሸ፣ ሕዋሳቱም ሞቱ። የሰው ዕጢ በተተከለባቸው አይጦችም ዕጢው ከነጠላው ሕክምና ይበልጥ አነሰ። ሶራፌኒብ በዚህ ጥምረት ውስጥ የሚሠራው በየትኛው መንገድ ነው የሚለው አሁንም ያከራክራል።

ሐይቁ ለምን ሞላ?

አንድ ተማሪ «መድኃኒቱ ኦቶፋጂን ቀሰቀሰ» የሚል ጽሑፍ ሲያነብ በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «በምን ዐወቃችሁ?» ብሎ ነው። አብዛኛው ጽሑፍ ኤል ሲ 3 በሽፋኖች ላይ መብዛቱን ያሳያል። ይህ ግን አይበቃም። ምክንያቱን ለመረዳት የሐዋሳን ሐይቅ እንመልከት። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውኃ ነው፤ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለም፣ ውኃው በአብዛኛው በትነት ይቀንሳል። ሐይቁ ሞልቶ ብናየው፣ የሚገባው ስለበዛ ነው ወይስ የሚተነው ስላነሰ? ከዳር ቆሞ በማየት ብቻ መለየት አይቻልም።

ኤል ሲ 3ም እንደዚሁ ነው። የሚበዛው አዳዲስ ሽፋኖች በብዛት ስለተሠሩ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ላይሶዞሙ መፍጨት ስላቆመ ሊጠራቀም ይችላል። ክሎሮኪን የሚያደርገው ይህን ሁለተኛውን ነው። ክሎሮኪን ደካማ ቤዝ ስለሆነ ወደ አሲዳማው ላይሶዞም በቀላሉ ይገባል፤ እዚያ ፕሮቶን ሲቀበል ኤሌክትሪካዊ ሙል ያገኝና መውጫ ያጣል። እየተከማቸ የላይሶዞሙን ሥራ ያውካል፤ የታሸገው ዕቃም ከላይሶዞሙ ጋር በሚገባ እንዳይዋሐድ ያደርጋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ መውጫውን ሆን ብሎ ይዘጋል። መድኃኒቱን ለብቻው፣ ክሎሮኪንን ለብቻው፣ ሁለቱንም በአንድነት ይሰጣል። ሁለቱ ሲጣመሩ ኤል ሲ 3 ከክሎሮኪን ብቻው ይልቅ ከጨመረ፣ መድኃኒቱ በእርግጥ ከመግቢያው በኩል ከፍቶታል። ፒ 62 በመድኃኒቱ ቢቀንስ ደግሞ መፍጨቱም እንደቀጠለ ይመሰክራል።

ይህም ሆኖ ሌላ ጥያቄ ይቀራል። ኦቶፋጂው ገዳይ ነው ወይስ ሕዋሱ እየሞተ ሳለ ራሱን ለማዳን ያደረገው ጥረት? እዚህ ላይ የኦሱሚ ዘረ መሎች ይጠቅማሉ። ከእነርሱ አንዱን በካንሰሩ ሕዋስ ውስጥ ዝም አሰኝተን መድኃኒቱን እንስጥ። ሕዋሱ ከሞት ከተረፈ ኦቶፋጂ በሞቱ ውስጥ እጅ ነበረው። ፈጥኖ ከሞተ ደግሞ ኦቶፋጂ መከላከያው ነበር ማለት ነው። ብረትን የሚይዝ ዴስፌሪዮክሳሚን ጨምረን ሕዋሱ ቢድን ጥፋቱ የብረት መሆኑን እንረዳለን፤ የካስፔዝ ማገጃ ጨምረን ቢድን የአፖፕቶሲስ ይሆናል። ከቀለም ያሸበረቀ ፎቶግራፍ ይልቅ ይህን ሙከራ ያካተተ ጽሑፍ መፈለግ ይገባል ባዮች ነን። አሳዛኙ ነገር ብዙዎቹ ሥራዎች ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማሉ።

ስለ ሕዋሳቱም አንድ ነገር እንጨምር። ለዚህ ምርምር በብዛት የሚያገለግሉት ሄፕ ጂ 2 የተባሉት ሕዋሳት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከአንድ የ15 ዓመት አርጀንቲናዊ ልጅ ዕጢ የተወሰዱ ናቸው። ለዓመታት የአዋቂዎች ጉበት ካንሰር ተብለው ሲጠኑ ቆይተው፣ ዕጢው በልጆች ላይ የሚታየው ሄፓቶብላስቶማ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2009 ተገለጸ። በእነርሱ ላይ ብቻ የተገኘ ውጤት በሄፓታይተስ ቢ ለታመመ አዋቂ ይሠራል ብሎ መደምደም ያስቸግራል።

ሁለቱ መንገዶች ሲገናኙ

አሁን የመነሻው ግጭት ይፈታል። ሶራፌኒብ እ.ኤ.አ. በ2007 ለጉበት ካንሰር የተፈቀደ መድኃኒት ሲሆን፣ 602 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት መካከለኛውን የመኖሪያ ዘመን ከ7.9 ወር ወደ 10.7 ወር አሳድጎታል። ሦስት ወር ያህል ብቻ ነው። ካንሰሩ ለምን ቶሎ አገገመ ለሚለው አንዱ መልስ፣ ሶራፌኒብ ራሱ ኦቶፋጂን መቀስቀሱና ሕዋሳቱ በዚያ ተጠልለው ማምለጣቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ሙከራ ክሎሮኪን ይህን መጠለያ ሲዘጋባቸው ሕዋሳቱ በሶራፌኒብ ይበልጥ ሞተዋል። ስለዚህ መንገዱን መዝጋት የሚገድለው ሕዋሱ በኦቶፋጂ ሲተማመን ነው፤ መክፈት የሚገድለው ደግሞ በመከፈቱ ብረት ሲፈታ ነው። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር፣ ክሎሮኪንና አርቴሱኔትን ለአንድ ዕጢ አብሮ መስጠት አንዱ የሌላውን ሥራ ሊያፈርስ እንደሚችል ነው። ፌሪቲን እንዲፈጭ የሚሠራ ላይሶዞም ያስፈልጋልና።

ከሳህን እስከ ሕመምተኛ

አርቴሱኔት እስካሁን ለጉበት ካንሰር ሕክምና አልተፈቀደም። በሌሎች ካንሰሮች ጥቂት ሰዎች የተሳተፉባቸው ሙከራዎች ተካሂደዋል፤ ያም ለማስረጃ አይበቃም። በሳህን ውስጥ ሕዋስ መግደል ቀላል ነው፣ በረኪናም ይገድላል። አስቸጋሪው መምረጥ ነው። የዚህ ምስክር ከአገራችን የወጣ ታሪክ አለ። አጣጥ ከምንለው ቁጥቋጦ ወገን ከሆነ፣ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ ዕፅ ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1972 ሜይታንሲን የተባለ ውሁድ አገኙ። የካንሰር ሕዋሳትን በእጅጉ በአነስተኛ መጠን የሚገድል ነበር። በሰው ላይ ሲሞከር ግን ጤናማውንም ስለጎዳ ተተወ። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ የእርሱ ተዋጽኦ የጡት ካንሰር ሕዋስን ለይቶ በሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል ላይ ተጭኖ መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ። የተለወጠው መርዙ ሳይሆን አድራሻው ነው።

ስለዚህ የአርቲሚሲያ ቅጠል በሻይ አፍልቶ ለጉበት ካንሰር መጠጣት፣ በአንዳንድ ሰፈር እንደሚወራው፣ ማስረጃ የለውም። በሻይ ውስጥ ያለው የአርቲሚሲኒን መጠን ያልተወሰነ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለወባ እንኳ በዚህ መልክ መጠቀምን አይደግፍም። ጉዳቱ ለጠጪው ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ኬልች 13 በተባለው ዘረ መል ላይ አር 622 አይ የሚባል ለውጥ ያላቸው የወባ ተሐዋስያን ተገኝተዋል፤ ያልበቃ መጠን ደግሞ እንዲህ ያሉትን ያተርፋቸዋል የሚል ስጋት አለ። ጉበቱን የሚፈራ ሰው የሚጠቅመው የሄፓታይተስ ቢ የደም ምርመራ ነው። ክትባቱ በአገራችን የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱ አንባቢዎቻችን በሕፃንነታቸው በዚህ ፕሮግራም አላገኙትም። ቫይረሱ የሌለበት ሰው አሁንም ሊከተብ ይችላል።

ስለ ኬልች 13 ስናነሣ ግን አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ይህ ዘረ መል ሲለወጥ ተሐዋሲው በወጣትነቱ ሄሞግሎቢን የሚጎርስበት መጠን ይቀንሳል፤ ከሄሞግሎቢን የሚገኘው ብረት ሲያንስ የመድኃኒቱን ድልድይ የሚሰብርለት አያገኝም። የብረት በሮቹን የቀነሰ ወይም ፌሪቲኑን ወደ ላይሶዞም የሚያደርሰውን ኤን ሲ ኦ ኤ 4 የተባለ ፕሮቲን ያጣ የጉበት ካንሰር ሕዋስም በተመሳሳይ መንገድ ሊያመልጥ ይችላል ማለት ነው። አርቴሱኔት በጉበት ካንሰር ሕሙማን ላይ የሚሞከር ከሆነ በቅድሚያ በየዕጢው ውስጥ ያለውን ብረትና ፌሪቲን መለካት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።